እርሳስ ከመጨበጣቸው በፊት

መስከረም ላይ የወላጆች ጥያቄ ከሆድና ከእንባ አያልፍም፤ ልጁ አለቀሰ ወይ፣ ምሳውን ጨረሰ ወይ፣ ሽንት ቤት ሲሄድ ሱሪውን የሚፈታለት አለ ወይ ይሉኛል። ጥቅምት ሲጋመስና ልጆቹ በር ላይ የእናታቸውን ነጠላ ይዘው ማልቀሳቸውን ሲተዉ ግን ጥያቄው ተለውጦ አንድ ይሆናል፤ «ቲቸር፣ መቼ ነው መጻፍ የሚጀምሩት?» የማስተምረው በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥር ባለ አንድ ቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በክፍሌ ያሉት ልጆች አምስት ዓመት የሞላቸውና ስድስትን የተጠጉ ናቸው። በመውጫ ሰዓት በአንድ እጄ የአንዱን ቦርሳ፣ በሌላው የሌላውን ልጅ እጅ ይዤ የምሰጠው መልስ ሁልጊዜ ጎዶሎ ስለሚሆንብኝ፣ ዛሬ ዓርብ ማታ ሙሉውን ለራሴ ልጽፈው ተቀመጥሁ።

ቀናችን የሚጀምረው በቁርስ ነው። ከጠዋቱ 1፡30 አካባቢ መጋቢ እናቶች ሳህኑን ደርድረው ይጠብቁናል፤ አንድ ቀን ፍርፍር፣ ሌላ ቀን ዳቦ በሻይ፣ ሌላ ቀን ሩዝ ይሆናል። የከተማው አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. ምገባውን፣ የደንብ ልብሱንና ደብተሩን በራሱ ወጪ መሸፈን ሲጀምር ብዙ ሰው ነገሩን ለችግረኛ ቤተሰብ እንደሚደረግ እርዳታ ብቻ አድርጎ ነበር ያየው። እኔ ከዚያ በፊትም አስተምር ስለነበር የማስታውሰው ሌላ ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ የሚደፉ ልጆች ነበሩ፤ «ፈዛዛ ነው፣ ትምህርት አይገባውም» የተባለው ልጅ ሲጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካለፈው ቀን እራት ወዲህ እህል ያልቀመሰ ሆኖ ይገኝ ነበር። ዛሬ በክፍሌ የሚያንቀላፋ ልጅ ካየሁ ሌሊቱን አሞት ያደረ ወይም ከታላላቆቹ ጋር ቴሌቪዥን ሲያይ ያመሸ ነው። ስለ ትምህርት ጥራት በተነሣ ቁጥር ወጥ ቤቱን የሚረሳ ሰው ሲያጋጥመኝ የምበሳጨው በዚህ ምክንያት ነው።

ከቁርስ በፊት እጅ መታጠብ አለ፤ ከምናስተምረው ነገር ሁሉ ትልቁ እርሱ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ሰፈራችን ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ ስለሆነ፣ ቧንቧው በሚደርቅበት ቀን ከሮቶው እየቀዳን በጆግ እናስታጥባቸዋለን፤ ያን ጊዜ ሰልፉ ይረዝማል። በቤቱ ብቸኛ የሆነና የጠየቀው ሁሉ ወዲያው የሚቀርብለት ልጅ ከፊቱ ያን ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያይ መጀመሪያ ይገፋል፣ ቀጥሎ ያለቅሳል፣ ሁለቱም ሳይሠሩለት ሲቀሩ ዞሮ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እኔም አየዋለሁ እንጂ ወደ ፊት አላሳልፈውም። በመስከረም ሰልፍ ሲጥስ የከረመው አንዱ ልጅ በዚህ ሳምንት ከኋላው የመጣችውን ልጅ «ተራሽን ጠብቂ!» ብሎ ሲቆጣት ሰማሁት፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እርሱ ጥብቅ ሆኖ አረፈው። ይህ ለውጥ ደብተር ላይ ስለማይወጣ ለወላጅ የማሳየው ማስረጃ የለኝም።

ክብ ሠርተን ስንቀመጥ ዕለቱን ጠርተን፣ ሰማዩን አይተን፣ የቀሩትን ልጆች ቆጥረን እንቆቅልሽ እንጫወታለን። «እንቆቅልሽ» ስል «ምን አውቅልሽ» የሚለው ድምፃቸው እስከ ርዕሰ መምህርታችን ቢሮ ይሰማል። መልሱ የጠፋበት ልጅ እንደ ወጉ አገር ይሰጠኛል፤ መርካቶን የሰጡኝ አሉ፣ ጎንደርን የሰጡኝም አሉ፤ አንዱ ደግሞ አስቦ አስቦ ወጥ ቤቱን ሰጠኝ፤ ነገር ግን ምሳ ከተበላ በኋላ ነው የምወስደው። ጨዋታውን ከጊዜ ማሳለፊያ አልቆጥረውም። ልጁ «ለምን እንዲህ አልህ?» ሲባል በአንድ ቃል ሳይሆን በሙሉ ዓረፍተ ነገር መመለስን የሚለምደው፣ የሌላው ንግግር እስኪያልቅ መታገሥንም የሚማረው እዚህ ነው፤ ሐሳቡን በአፉ አስተካክሎ መናገር ያልለመደ ልጅ በኋላ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ቢያነብ እንኳ ምን እንዳነበበ ሲጠየቅ ይቸገራል።

ዘንድሮ ቤቷ ውስጥ ኦሮምኛ ብቻ የሚነገር አንዲት ልጅ አለች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፈችው ዝም ብላ በመመልከት ነበር። አንድ ቀን በጨዋታ መሀል «ቢሻን» ስትል አጠገቧ የነበረው ልጅ ማንንም ሳይጠይቅ የውኃ ኩባያውን አቀበላት፤ ከየት እንደሰማው እስካሁን አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ በሆነ ንግግር ሲጣሉም ሲታረቁም ይውላሉ፤ እኔንም ቆርኪ ስንቆጥር ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ ብላ ታስተምረኛለች።

ቆርኪ ስል የሒሳብ ጥጋችንን ማለቴ ነው። ረፋድ ላይ ልጆቹ በየጥጉ ይበተናሉ፤ በቤተሰብ ጥግ እቃቃ፣ በግንባታ ጥግ የእንጨት ቁርጥራጭና ባዶ ካርቶን፣ በሒሳብ ጥግ ከሰፈሩ ግሮሰሪዎች የለመንሁት ቆርኪ ተቀምጦላቸዋል (መምህርት ሆኜ ከግሮሰሪ ደጃፍ ፌስታል ይዤ ስወጣ ያዩኝ ሰዎች ምን እንደሚሉ መገመት አያዳግተኝም)። በሌላው ጠረጴዛ ጭቃ የሚያድቦለቡል፣ ዶቃ በክር የሚሰካ፣ ሰፌድ ላይ የተቀላቀለውን ባቄላና ሽንብራ በጣቶቹ እየለቀመ የሚለይ ልጅ አለ። ይህ ልጅ ለመጻፍ እየተዘጋጀ ነው ስል ወላጆች የማሞኛቸው ይመስላቸዋል። ነገር ግን የአምስት ዓመት ልጅ የእጅ አንጓ አጥንቶች ገና አድገው አላለቁም፤ ጣቶቹም እርሳስን ለረጅም ጊዜ በልክ ይዘው ለመቆየት አልበረቱም። ሳይደርስ የተገደደ ልጅ እርሳሱን በጡጫው ይጨብጠዋል፤ ጣቱን በማንቀሳቀስ ፈንታ ከትከሻው ይገፋል፤ ወረቀቱን ይቀድዳል፤ ከጥቂት መስመር በኋላም ይታክተውና ከጽሕፈት ጋር ይቀያየማል። አንዴ የለመደውን አያያዝ ማስተው ደግሞ ከባዶ ከማስተማር ይከብዳል።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ አያት የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጡ። በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፊደል ገበታ ሲያዩ በትራቸውን አነሡና «እስቲ ቁጠር» አሉት። ልጁ ከሀ ሁ ጀምሮ ሳይደናቀፍ አንበለበለው፤ ቤት ውስጥ ታላቅ እህቱ እንዳስጠናችው አውቃለሁ። እናት ብትሆን አጨብጭባ ትስመው ነበር። አያቱ ግን አላጨበጨቡም። የበትራቸውን ጫፍ ድንገት «ነ» ላይ አሳርፈው «ይህችስ?» ሲሉት ልጁ ዝም አለ፤ ከዚያ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከ«ሀ» ተነሥቶ በሆዱ እየቆጠረ ወረደና፣ እዚያ ሲደርስ «ነ!» ብሎ ጮኸ። አያቱ ወደ እኔ ዞረው «አየሽ መምህርት፣ ይህ ልጅ የያዘው ዜማውን ነው እንጂ ፊደሉን አይደለም። እኛን የኔታ አቡጊዳ የሚያስገቡን ለዚህ ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲቆጠሩ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ ያን ሁሉ በተራ ከተዜመ ጆሮ ይይዘዋል፣ ዓይን ግን ጨርሶ ላያየው ይችላል። አቡጊዳ ያንን ተራ ሆን ብሎ ያፈርሰዋል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል የመጀመሪያው በግእዝ፣ ሁለተኛው በካዕብ፣ ሦስተኛው በሣልስ እያለ ሰባተኛው በሳብዕ ስለሚመጣ፣ ተማሪው ስንደዶውን ያሳረፈበትን ቅርጽ ለይቶ ካላወቀ የለመደው ዜማ አያወጣውም። ፊደልን በመልኩ እንጂ በወረፋው ብቻ አለማስያዝን እኔ የተማርሁት በኮሌጅ ሥልጠና፣ በብዙ ገጽ ጽሑፍ ነው፤ እርሳቸው ግን በበትራቸው ጫፍ ጨረሱት። «አቡጊዳውም ሲደጋገም በዜማ መያዙ ይቀራል እንዴ?» ብዬ ብከራከራቸው ሳቁና «ታዲያ የኔታ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች እያሉ ይጠይቁን የለም!» ብለው ልጁን ይዘው ሄዱ።

ስለዚህ ፊደልን እኔም አስተምራለሁ፤ ከገበታው ራስ ግን አልነሣም። ልጆች ሥዕል ሲሞክሩ አስቀድሞ ክብ፣ ቀጥሎ መስቀል፣ ከዚያ አራት ማዕዘን፣ ዘግይቶ ደግሞ ሦስት ማዕዘን ይሆንላቸዋል። ከገበታችን «ዐ» ክብ ናት፤ «ተ» መስቀል ናት ማለት ይቻላል፤ «ቀ» ደግሞ ክቧን ከላይ እስከ ታች በዘንግ መሰንጠቅ ብቻ ነው የሚቀራት። እነዚህን በአሸዋ ላይ በጣት፣ በግቢው ግድግዳ ላይ ውኃ በነከረ ብሩሽ፣ በአየር ላይ በሙሉ ክንድ እንሠራቸዋለን። ሌላው መንገዴ ስማቸው ነው። ቦርሳ የሚሰቅሉበት ምስማር አጠገብ የየራሳቸውን ስም ጽፌ ስለለጠፍሁ፣ ዛሬ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል የማይለይ ልጅ የለኝም፤ አንዷማ ሰኞ ጠዋት ገና ከበር ሳትገባ «ቲቸር፣ የእኔን ፊደል የታክሲ ታፔላ ላይ አየሁት!» እያለች ሮጣ መጣች። እናቷ ከኋላዋ ቆማ «መንገዱን ሁሉ ስታስቆመኝ ነው የመጣችው» ብላ አማረረች፤ ያን ቀን ግን መቼ እንደምትጽፍ አልጠየቀችኝም።

ከምሳ በኋላ ፍራሽ ዘርግተን እናስተኛቸዋለን። ስለዚያ የምጽፈው ብዙ ነገር የለም፤ ልጆች ሲተኙ መምህር የሳምንት ዕቅዷን ትሞላለች።

በወላጆች ግን አልፈርድም። እኔ በልጅነቴ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ነበር የገባሁት፤ ከዚያ የማስታውሰው መዝሙሩንና እንቅልፉን ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉት ሕፃናት የሚሆነውን መዋዕለ ሕፃናት ቢጠቅሰውም፣ ሥራው በአመዛኙ ለግል ባለሀብቶች፣ ለበጎ አድራጎትና ለእምነት ተቋማት ቀረ። መንግሥት በ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አውጥቶ፣ በየአንደኛ ደረጃው ግቢ «ዜሮ ክፍል» እየከፈተ፣ በ2015 ዓ.ም. ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን የ2 ዓመት ትምህርት አድርጎ እስኪያስቀምጠው ድረስ፣ ለብዙው የከተማችን ሰው ኬጂ ማለት ተከፍሎበት የሚገባበት ቦታ ነበር። የሚከፍል ሰው ደግሞ ለከፈለው ገንዘብ በእጁ የሚይዘው ነገር ይሻል፤ የተሞላ ደብተር፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የቤት ሥራ፣ ሰኔ ላይ ልጁ ጋዋን ለብሶ የሚነሣው የምረቃ ፎቶግራፍ። የመንግሥቱ በነፃ ሲከፈት ክፍያው ቀረ፤ ትምህርቱ የሚለካበት መስፈሪያ ግን ሳይለወጥ እኛም ግቢ ገባ።

ጭንቀታቸውም መሠረት አለው። የአንደኛ ክፍል መምህር በአንድ ወንበር ላይ በግል ኬጂ ሦስት ዓመት የቆየውን ልጅና የእኔን ልጅ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። እኛ ግቢ አንደኛ ክፍል የሚያስተምር የሥራ ባልደረባዬ «የአንቺ ልጆች ይሰለፋሉ፣ ይጠይቃሉ፣ የወደቀ ያነሣሉ፤ ብቻ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁትን ገልብጠው ሳይጨርሱ ደወል ይደወላል» ብሎ ያሾፍብኛል። ማሾፉ እንዳለ ሆኖ ነገሩ እውነት ነው። ልዩነቱ ከመንፈቅ በኋላ እንደሚጠብ እርሱም ይመሰክራል፤ ነገር ግን ያ መንፈቅ «ኋላ ቀረሁ» ብሎ ለሚያስብ የሰባት ዓመት ልጅ ረጅም ነው፤ ለእናቱም እንዲሁ። ስለዚህ ለትልልቆቹ ከጥር ጀምሮ እርሳስና ወረቀት አስገባለሁ፤ ቀኑ የሚወሰነው ግን በእያንዳንዱ ልጅ እጅ ነው። አንዳንዱ በታኅሣሥ ይደርሳል፤ ለአንዳንዱ መጋቢትም ይቸኩልበታል።

በሚመጣው ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ አለን። ንግግር አላዘጋጀሁም። እያንዳንዱ ወላጅ በማይጽፍበት እጁ የልጁን ስም እንዲጽፍ ወረቀት አድላለሁ፤ ሲጨርሱም እጃቸው የት የት ላይ እንደታከተ እጠይቃቸዋለሁ፤ ከዚያ ባቄላና ሽንብራ የተቀላቀለበትን ሰፌድ አቀርባለሁ። ርዕሰ መምህርታችን ሐሳቡን ወደውታል፤ ሆኖም ከቢሯቸው ስወጣ መልሰው ጠሩኝና «ለማንኛውም የአምናዎቹን ልጆች ደብተር አውጥተሽ ጠረጴዛው ላይ ደርድሪው» አሉኝ። እደረድረዋለሁ፤ ሰፌዱን ግን ከፊት አደርጋለሁ።