የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤትን ታሪክ ከሮስተር ላይ እንዴት እንዳጠናቀርሁ

ለቀድሞ ተማሪዎች ስብሰባ የሚሆን አጭር የትምህርት ቤት ታሪክ እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ በእጄ የነበረው ሁላችንም የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ የወንዶች ትምህርት ቤት ላሳል ወንድሞች በተባለው የካቶሊክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1959 መከፈቱ ነው። ይህ ዓመት ራሱ የመጀመሪያ ሥራዬን ወሰነልኝ። ወንድሞች የሚጻጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወላጆችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግን በእኛ በመሆኑ፣ 1959 የሚል ደብዳቤ ከመስከረም በፊት ከተጻፈ 1951 ዓ.ም.፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ደግሞ 1952 ዓ.ም. ይሆናል። ስለዚህ ወር የሌለበትን ሰነድ ሁሉ ለብቻው አስቀመጥሁ፤ የቀሩትን በሁለቱም አቆጣጠር መዘገብሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ስለ ወንድሞች ማንነት ማብራራት ነበር፤ ምክንያቱም ብዙ አንባቢ ካህናት ይመስሉታል። አይደሉም፤ አይቀድሱም፣ አያናዝዙም፤ የተሳሉት ለማስተማር ነው። ማኅበሩን በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይ ሬምስ ከተማ የመሠረተው ዮሐንስ መጥምቅ ዴላሳል፣ የድኻ ልጆችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ በላቲን ፈንታ በገዛ ቋንቋቸው እንዲማሩ ያደረገ ሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የመምህራን ጠባቂ ቅዱስ ተብሎ ተሰይሟል። ካቶሊኮች ከሕዝቡ አንድ በመቶ በማይሞሉበት አገር ከተማሪዎቹ የሚበዙት ኦርቶዶክሳውያን መሆናቸው አይገርምም። ያነጋገርኋቸው አንጋፋዎችም ስለ ሃይማኖት ሲጠየቁ ስብከት አያነሡም፤ የሚያነሡት «በእግዚአብሔር ፊት መሆናችንን እናስታውስ» የምትለዋን የወንድሞችን አጭር ጸሎት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ ግን ሮስተር፣ ማለትም የየክፍሉ ተማሪዎች ስም መዝገብ ነው። በዓል ላይ የሚነገር ንግግር ስለ ትምህርት ቤቱ የሚያስበውን ሲነግርህ፣ ሮስተር ማን እንደ ገባ፣ ማን እንደ ደገመ፣ ማን እንዳቋረጠ ያሳይሃል። አስቸጋሪው ነገር የአንድ ልጅ ስም በላቲን ፊደል በየዓመቱ በተለያየ አኳኋን መጻፉ ስለ ነበር፣ ማንነቱን የለየሁት የአባቱንና የአያቱን ስም በማያያዝ ነው። ቃለ መጠይቅ ስሄድም የጥያቄ ዝርዝር መያዝ ትቼ የክፍሉን ሮስተር ቅጂ ይዤ መሄድ ጀመርሁ። «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይመልከቱት» ከማለት በቀር ብዙ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሰውየው ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ ማን ከማን ጋር ይቀመጥ እንደ ነበር፣ ማን በሒሳብ ይበልጥ እንደ ነበር ራሱ ይተርካል።

በ1967 ዓ.ም. ላይ ስደርስ አሠራሬን ማጥበቅ ግድ ሆነ። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ወር የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ወደ ገጠር ስለ ዘመቱ፣ የዚያ ጊዜ መዝገብ ክፍት ሆኖ መገኘቱ መዝገብ ቤቱ ቸል ማለቱን አያሳይም። ከዚያ በኋላ በነበሩት የቀይ ሽብር ዓመታት «አቋርጧል» የሚለው ማስታወሻ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቤተሰቡ አገር ቀይሮ፣ ልጁ ተሰዶ፣ ታስሮ ወይም ተገድሎ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ አይለይም። እኔም ከቤተሰብ ወይም ከክፍል ጓደኛ በግልጽ ያልሰማሁትን አልጻፍሁም፤ ስሙን ብቻ እንዳለ አስቀመጥሁት። አንዳንዶች ቴፑን እንዳጠፋ ሲጠይቁኝ አጠፋሁ፤ ያን ጊዜ የነገሩኝም በጽሑፉ የለም። ታሪክ ጎደለ የሚለኝ ይኖራል፤ እኔ ግን በዚህ አልደራደርም።

የጊዜው የትምህርት ሥርዓትም በየገጹ መገለጽ ነበረበት። «ሁለተኛ ደረጃ ጨረሰ» የሚለው አነጋገር በማትሪክ ዘመን 12ኛ ክፍልን ሲያመለክት፣ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያበቃ ስለ ነበርና 11ኛና 12ኛ መሰናዶ ስለ ነበሩ፣ የሁለት ዘመን ተመራቂዎችን ቁጥር ጎን ለጎን ማነጻጸር አንባቢን ያሳስታል። ስለዚህ ሁለቱን በተለያየ ሠንጠረዥ አደረግሁ።

ለፎቶግራፎቹ የያዝሁት ደንብ ቀላል ነው፤ እርስ በርስ ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች ያንኑ ስም ካልሰጡኝ ከሥዕሉ ሥር ስም አልጽፍም። በዚህ ደንብ የተነሣ ብዙ ፊቶች እስካሁን ስም የላቸውም፤ ቅጂዎቻቸውን ግን ለሚለይ ሰው ክፍት ቦታ ትቼ በጽሑፉ መጨረሻ አያይዣቸዋለሁ።