42 ሜጋኸርዝ ላይ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ጋራዣቸውን ከፍተው ሲያዩኝ «ና እስቲ፣ ይቺን ስማ» አሉኝ። ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። አሮጌው ስካነር፣ የፖሊስ ሬዲዮ ማዳመጫቸው፣ ሽሽሽ ብሎ ቆየና የሴት ድምፅ መጣ። የካሊፎርኒያ ሀይዌይ ፓትሮል፣ የአውራ ጎዳና ፖሊስ፣ ናት፤ አስፋልት ላይ ስለወደቀ መሰላል ትናገራለች። 42 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። አብዛኛው የአሜሪካ ፖሊስ ይህን ዝቅተኛ ሞገድ ትቶ ወደ ላይ ከወጣ ቆይቷል። ተራራ ለበዛበት አገር ግን ይሄኛው ይሻላል፤ ኮረብታውን ዞር ብሎ ይደርሳል። የሞገዱ ርዝመት 7 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአንቴናው ዘንግ፣ የሞገዱ ሩብ ብቻ ሆኖ እንኳ፣ ከእኔ ቁመት ይበልጣል።

ልቤን የነካው ደብተራቸው ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ፍሪኩዌንሲ፣ ቦታ። በጋ ላይ ሰማዩ ሞገዱን መልሶ ሲያወርደው ከሩቅ ግዛት የሰሙት ሁሉ ተጽፏል። ዝም ያሉት ጣቢያዎች ላይ በማስመሪያ አንድ ቀጭን መስመር ተሰምሯል። ስሙ ግን ከሥሩ ይነበባል።

አባቴ ትዝ አለኝ። ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን ሲፈልግ፣ ጆሮው ሬዲዮው ላይ ተለጥፎ፣ እኛን በእጁ «እሽ!» እያለ። ያም ድምፅ የሚመጣው ከሰማይ ነጥሮ ነበር።

ቅዳሜ ቡና ይዤ እሄዳለሁ።