ሳይበርድ አይኮረሸምም

ግራኖላዬ፣ አጃና ለውዝ በማር ታሽቶ የሚጋገረው ደረቅ ቁርስ፣ ሦስት ጊዜ ለስልሶብኛል። ሦስቱንም ጊዜ ጥፋቱን የፈለግሁት እሳቱ ላይ ነበር። አልበሰለም ብዬ ሙቀት ጨመርኩ፤ አረረ። ማሩ በዛ ብዬ ቀነስኩ፤ እንደ ገለባ ተበተነ። ነገሩን የፈታችልኝ ግራኖላ ቀምሳ የማታውቀው እናቴ ናት። ከኦቭን ያወጣሁትን ትሪ በጣቴ እየነካካሁ «አሁንም ለስላሳ ነው» ስላት፣ አቦሉን እየቀዳች «ልጄ፣ ገና ትኩስ ነው እኮ! ቆሎስ ከምጣድ እንደወረደ ይቆረጠማል? ተወው ይብረድ» አለችኝ። ተውኩት። ቶናው ሲቀዳ ተመልሼ አንዱን ጫፍ ስይዘው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራኖላን የማየው እንደ ቆሎ ነው።

ትሪው ከእሳት ሲወጣ ማሩ ገና ፈሳሽ ነው። ለዚህ ነው ሁሉም ነገር እርጥብ የሚመስለው። ሲበርድ ማሩ እንደ ከረሜላ ይደርቅና አጃውን፣ ለውዙን፣ ሰሊጡን አንድ ላይ ይይዛቸዋል። የእሳቱ ዋና ሥራ ውሃውን ማስወጣት ነው። አጃው ውስጥ ውሃ አለ፣ ማሩም ውስጥ አለ። ቀስ ብሎ ከወጣ ይኮረሸማል። በኃይለኛ እሳት ከተጣደፈ ላዩ ይጠቁርና ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ገብስ ቆልታችሁ ከሆነ ይህን ታውቁታላችሁ። ላዩ አሮ ውስጡ ጥሬ የሆነ ቆሎ ያልገጠመው ማን አለ?

ሥራዬ ምግብ ማብሰል ነው። ከጎንደር ተነስቼ ወደ ሰሜን ተራሮች ከሚወጡ ተጓዦች ጋር እሄዳለሁ። ግራኖላን መጀመሪያ የቀመስኩትም እዚያው ሳንቃበር የሚባለው ማደሪያ ሰፈር ነው። ሳንቃበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። ጠዋት ጠዋት ብርዱ እጅ ያደነዝዛል። እኔ ቡታጋዙን ለማቀጣጠል ስታገል አንዲት እንግዳ ከከረጢቷ ዘግና መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ። ቆሎ መስሎኝ ነበር። ሳኝከው ጣፈጠኝ፤ ማርና ለውዝ ሸተተኝ። ያን ጠዋት እንቁላል ጠብሼ ያበላኋቸው ሰዎች ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ በረደባቸው። እሷ ግን በእግሯ እየሄደች በላች። በበቅሎ ተጭኖ የማይሰበር፣ የማይበላሽ፣ እሳት የማይፈልግ ቁርስ! ለእኔ ሥራ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስሙ ከአሜሪካ ነው የመጣው። ጀምስ ጃክሰን የሚባል ሐኪም በፈረንጆች አቆጣጠር 1863 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ከስንዴ ዱቄት ጋግሮ፣ ሰባብሮ፣ መልሶ ጋግሮ የሠራው ምግብ ነበር። ግራኑላ ብሎ ጠራው። በጣም ጠንካራ ስለነበር ሌሊቱን ወተት ውስጥ ነክረው ያሳድሩት ነበር። በኋላ ኬሎግ የሚባል ሌላ ሐኪም ተመሳሳዩን ሲሠራ ስሙ ግራኖላ ሆነ። እኔ እንደሚመስለኝ ያ የመጀመሪያው ለእኛ ዳቦ ቆሎ ይቀርባል። አጃና ማር ያለበት የዛሬው ደግሞ ለቆሎ።

አሁን ወደ አሠራሩ። አጃ ስትገዙ ፍሬው ተጨፍልቆ ጠፍጣፋና ሰፋ ያለውን ፈልጉ። በሁለት ደቂቃ ይበስላል የሚባለው ድቅቅ ያለ ነው፤ ማሩን ይጠጣና እንደ ሊጥ ይሆናል። ለአጥሚት የሚሆነው ዱቄትማ ጭራሽ አይሆንም። የቀረውን ከቅዳሜ ገበያ አገኘዋለሁ። ሰሊጡ በመተማና በሁመራ በኩል የሚመጣው ነጩ ነው። ለውዙን፣ ማለትም ኦቾሎኒውን፣ ጥሬውን እገዛለሁ፤ ተቆልቶ የተሸጠ ከሆነ ኦቭን ውስጥ እንደገና ይቆላና ይመርራል። የዱባ ፍሬ ከቤት አይጠፋም። እናቴ ዱባ ወጥ በሠራች ቁጥር ፍሬውን አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣልኛለች። ካሹና አልሞንድ ይጣፍጣሉ፤ ዋጋቸው ግን አይቀመስም። ለውዝ ይበቃል። እንዲያውም ከሰሊጥ ጋር ሲሆን የሚበልጥ ጣዕም አለው ብዬ አምናለሁ።

መለኪያዬ የውሃ ብርጭቆ ነው። ሦስት ብርጭቆ አጃ፣ አንድ ብርጭቆ ለውዝ፣ ግማሽ ብርጭቆ ሰሊጥና የዱባ ፍሬ ተደባልቆ። ማሩ የብርጭቆው ሲሶ፣ ዘይቱ ሩብ ብርጭቆ። ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ጨውን አትርሱ፤ ያለ እሱ ጣፋጭነቱ ብቻ ይቀራል፣ የለውዙ ጣዕም አይወጣም። ቀረፋ ካለ ትንሽ። የኑግ ዘይት ሞክሬዋለሁ፤ ሽታው ማሩን ስለሚጫነው የሱፍ ዘይት እመርጣለሁ። ማርና ዘይቱን ለብ አድርጌ ሁለት ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ አሟሟበታለሁ። ይህ ተያይዞ በትንንሽ ጓል እንዲሰበር ያደርገዋል። ለዚህ ሲባል እንቁላል ነጩን የሚጨምሩ አሉ። እኔ ግን ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴም ሲሆን እንዲበላ ስለምፈልግ እንቁላልና ቅቤ አላስነካውም።

ደረቁንና ፈሳሹን በእጅ አሹት። በማንኪያ ብቻ ከሆነ አንዳንዱ አጃ ማር ሳይነካው ይቀራል። ከዚያ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግታችሁ በብርጭቆ ቂጥ ጠቅጠቅ አድርጉት። ኦቭኑ 150 ዲግሪ ይሁን። ማር ከስኳር ቀድሞ ያርራል፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ መጨመር አያስፈልግም። 35 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መሃል ላይ አንዴ ብቻ አገላብጡና መልሳችሁ ጠቅጥቁት። የትሪው ዳር ቀድሞ ስለሚቀላ የዳሩን ወደ መሃል አምጡ። ከዚያ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። በየአምስት ደቂቃው የሚያማስል ሰው የሚያገኘው ፍርፋሪ ነው።

አንድ ቀን 25ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። የኦቭኑን በር ሳልከፍት ተናድጄ ወጣሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስመለስ እስከዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ደረቁና ጥሩው እሱ ሆኖ አገኘሁት። የኦቭኑ ሙቀት ቀስ እያለ ሲወርድ የቀረውን ውሃ አወጣው። አሁን መብራት እያለም እንደዚያው አደርጋለሁ። 30 ደቂቃ ሲሆን አጠፋዋለሁ፤ በሩን በእንጨት ማንኪያ ገርበብ አድርጌ እዚያው እስኪበርድ እተወዋለሁ።

ኦቭን ለሌላችሁ፣ እኔም ለዓመታት አልነበረኝም፣ የቆሎ ብረት ምጣድ ይበቃል። አጃውን ብቻውን በለስላሳ እሳት አምሱት፤ ሽታው ሲለወጥ አውርዱት። ለውዙን ለብቻ፣ ሰሊጡን ለብቻ። ሰሊጥ መንጣጣት ሲጀምር ወዲያው መውጣት አለበት፤ እሱ አይታገስም። ማርና ዘይቱን በድስት አፍልታችሁ አረፋው ወፈር ሲል ሁሉንም ጨምሩና አማስሉ። ከዚያ ትሪ ላይ ዘርግቶ፣ ጠፍቶ ገና ያልቀዘቀዘ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አስቀምጦ አክንባሎውን ገርበብ ማድረግ ነው። ትሪ ያልኩት በምክንያት ነው። እናቴ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ማር እንዲነካው በፍጹም አትፈቅድም። ልክ ናት፤ ጣፋጭ የነካው ምጣድ እንጀራ ይይዛል።

ፍራፍሬው መጨረሻ ነው የሚገባው፤ ሁሉም ነገር ከበረደ በኋላ። ዘቢብ አብሮ ከተጋገረ ይነፋና እንደ ጠጠር ይደርቃል፣ ይመርራልም። የእኔ ደስታ የደረቀ ማንጎ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ማንጎ በየመንገዱ በሚሸጥበትና ፀሐዩ በሚያቃጥልበት ጊዜ፣ በስሱ ከትፌ ሰፌድ ላይ እደረድረዋለሁ። ዝንብ እንዳያርፍበት ነጭ ሻሽ አለብሰዋለሁ። ማታ ማታ ጤዛ እንዳይመታው ወደ ቤት ይገባል። በሦስተኛው ቀን ሲያጥፉት እንደ ቆዳ ይታጠፋል፤ ጣቴ ላይ ጭማቂ አይተውም። ያን ጊዜ ደርሷል። በመቀስ ቆራርጬ እጨምረዋለሁ። ተምር ግን እርጥበት ስላለው ከግራኖላው ጋር ካሳደሩት ያለሰልሰዋል። ተምር የሚወድ ሰው ሲበላ ይጨምርበት።

ሳይበርድ ክዳን አትግጠሙበት። ያልበዋል። አንድ ጠርሙስ ሙሉ እንዲህ አበላሽቻለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ በአንድ ቀን ይረጥባል፤ የጎንደር ክረምት ጨዋታ አያውቅም። ከረጠበ አይጣልም። ፍራፍሬውን ለቅማችሁ አሥር ደቂቃ ኦቭን ውስጥ መልሱት፣ ከዚያም እንደገና አብርዱት።

ባለፈው ጉዞ ሁለት ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ፤ አንዱ ለእንግዶቹ፣ አንዱ ለእኛ። አብሮን የነበረው ስካውት፣ ተጓዦችን የሚያጅበው የፓርኩ ታጣቂ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። ጠመንጃውን ተደግፎ በሌላ እጁ ከካፖርቱ ኪስ የገብስ ቆሎ እያወጣ ይቆረጥማል። ዓርብ ስለነበር መጀመሪያ «የጾም ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የጾም ነው ጋሼ» አልኩት። እስከ ስድስት ሰዓት ጠብቆ አንድ እፍኝ ተቀበለኝ። ትንሽ አኘከና ከቆሎው ጋር ቀላቅሎ ኪሱ ውስጥ ጨመረው። ጨነቅ የሚባለው ማደሪያ ሰፈር እስክንደርስ ከኋላዬ ኮርሸም፣ ኮርሸም ሲል እሰማው ነበር።