ለማን ልፍረድ?

ዛሬ ከክፍል ስወጣ ደብሮኝ ነበር። ምክንያቱ ይሄ ነው የምለው የለኝም። ይሄ የማስተርስ የልብ ወለድ ኮርስ ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያደርገኛል። ስንከራከር እንቆይና ስወጣ ከገባሁበት ያነሰ የማውቅ ይመስለኛል።

ዲግሪ ላይ ቀላል ነበር። ጭብጡን፣ መቼቱን፣ ግጭቱን አውጥተን እንገላገል ነበር። አሁን መምህራችን «የሚያየው ማን ነው? የሚናገረውስ? ጽሑፉ ላይ አሳዩኝ» ይላሉ። የያዝነው ደግሞ «አደፍርስ»ን ነው፤ ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመውን፣ ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወውን መጽሐፍ። እኔ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ሲሰሙ የኖሩ ሰዎች ያሳደጉኝ ነኝ። ልብ ወለድ ሲባል ተራኪው እጄን ይዞ የሚወስደኝ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ግን ሰው ሁሉ ይናገራል፣ ይሟገታል፤ ማን ልክ እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ሩሲያዊው የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ባኽቲን ስለ ደራሲው ዶስቶየቭስኪ የጻፈውን እያነበብን፣ የብዝኀ ድምፅን ሐሳብ፣ ማለትም ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በየራሳቸው ድምፅ የሚናገሩበትን፣ የደራሲው ድምፅ የማይጫናቸውን አጻጻፍ፣ እዚህ ላይ እንድንፈትሸው ታዘናል። ሐሳቡ ይገባኛል። ልጽፍ ስቀመጥ ነው የሚጠፋብኝ።

ቅዳሜ ዕለት ወይዘሮ አሰጋሽ የሚናገሩበትን አንድ ቦታ ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ምስር እየለቀመች ነበር። ወይዘሮ አሰጋሽ ባለርስት ናቸው። አደፍርስ ደግሞ ለብሔራዊ አገልግሎት ደብረ ሲና የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ክፍል ውስጥ ሁላችንም የአደፍርስ ወገን ነን፤ እኛም ተማሪዎች ነና! እማዬ ግን እጇን ከሰፌዱ ላይ አነሳችና «እሳቸውስ ምን አጠፉ? የገዛ ርስታቸው አይደል እንዴ?» አለችኝ። ቆጣ ብላ ነው የተናገረችው።

አያቴ ትዝ ብላት እንደሆነ ገባኝ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ሲባል መሬታቸውን ካጡት አንዷ አያቴ ናት። እኛ ቤት ይሄ ነገር ሲነሳ ሁሉም ዝም ይላል። እኔ ደግሞ በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ልክ ነበሩ ብዬ ከልቤ አምናለሁ። የአያቴን መሬትም የሚያርሰው ሌላ ሰው ነበር። ቤታችን ውስጥ ስሙን የጠራው ሰው የለም። ስለ እርሻው፣ ስለ ጎተራው፣ ስለ በሬዎቹ ብዙ ሰምቻለሁ። ስለ ሰውየው ምንም።

ከቅዳሜ ወዲህ ባኽቲንም አልታየኝ። መጽሐፉ ሲታተም መሬቱ ገና በባለርስቶቹ እጅ ነው። እኔ የማነበው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣውን እያወቅኩ ነው። ወይዘሮዋ ስለ ርስታቸው አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ገና ሳይጨርሱ አዝንላቸዋለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እፈርድባቸዋለሁ። መምህራችን ከጽሑፉ ውጭ ያለውን አታምጡ ይላሉ። እኔ አላመጣሁትም፤ አብሮኝ ነው የኖረው።

በ1962 ያነበበው ሰው ግን ምን ሰምቶ ይሆን? አንዱ አንባቢ ራሱ ባለርስት፣ ሌላው የጭሰኛ ልጅ ሆኖ እነዚያኑ ገጾች ሲገልጡ፣ ለማን ፈረዱ?

ጽሑፉን ሐሙስ አስረክባለሁ። የአያቴን ነገር ላስገባው? ያንን ስሙ የማይጠራ ሰውስ የት ላድርገው?