አልረጋ ያለው ወተት

የታመመች ላምን በመድኃኒት ስለ ማከም ይህን የምጽፈው ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ በነገረኝ ኖሮ እያልኩ ስለምቆጭ ነው።

ደብረ ብርሃን ዳር አምስት የሚታለቡ ዲቃላ ላሞች ነበሩኝ። በረት አሠራሁ፣ ፉርሽካና የቢራ አተላ የማገኝበትን አወቅኩ፣ ደንበኛ ያዝኩ። ይህን ማንም እየሠራ ይለምደዋል። እኔን ያቃጠለኝ የቡሬ ግት ነው።

ቡሬ በቀን 16 ሊትር የምትሰጥ ላም ነበረች። አንድ ጠዋት የኋላ ቀኝ ጡቷ አብጦ፣ ሲነኩት ያቃጥላል። ወተቱ ውስጥ እንደ አይብ የተቋጠረ ነገር አየሁ። ወደ እንስሳት መድኃኒት ቤት ሮጥኩ። ሻጩ ላሟን አላያት፣ ስንት ኪሎ ትሆናለች ብሎም አልጠየቀኝ። ፔንስትሬፕ የሚባል ፔኒሲሊን ያለበት የባክቴሪያ መድኃኒት ሰጠኝና "አምስት ቀን አስወጊያት" አለኝ። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። አቆምኩና የተረፈውን ለሌላ ጊዜ አስቀመጥኩት። ገንዘብ ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ አበጠ። የተረፈውን ሁለት ቀን ሰጠኋት። እንደገና መጣ። አሁን ደግሞ ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን) የሚባል ሌላ የባክቴሪያ መድኃኒት ገዛሁ፣ በሰውነት ውስጥ ብዙ ቀን የሚቆየውን ዓይነት። ጠርሙሱ ላይ ወተቷ ለ7 ቀን ለሰው እንዳይሰጥ ተጽፏል። አላየሁም አልልም፤ አይቻለሁ። ግን የ7 ቀን ወተት መድፋት አልሆንልሽ አለኝ። የታመመውን ጡት ወተት ደፋሁ፣ የሦስቱን ሸጥኩ። በመርፌ የገባ መድኃኒት በደም ዞሮ አራቱም ጡት ጋ እንደሚደርስ ማሰብ አልፈለግኩም።

ያጋለጠኝ እርጎ ነው። ጎረቤቴ እማማ መጥተው "ልጄ፣ ወተትሽ ሦስት ቀን ሙሉ አልረጋ አለኝ። ውኃ ጨመርሽበት እንዴ?" አሉኝ። በማርያም ብዬ ማልኩ። ውኃ አልጨመርኩም፣ እውነት ነው። መድኃኒቱን ግን አልነገርኳቸውም። ወተት የሚረጋው በባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒት ያለበት ወተት ውስጥ ባክቴሪያው አይራባም። ብናፈላውስ? ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። እማማ ያንን ወተት ለልጅ ልጃቸው ሲሰጡት ከርመዋል።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በነጋታው የደወልኩለት የእንስሳት ሐኪም "መድኃኒት መቀያየሩን ተይው፣ ወተቱን አስመርምሪ" አለኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሳስታውስ እስከ አሁን ደሜ ይፈላል።

ወተቱን በታጠበ የውኃ ፕላስቲክ ይዤ በሌሊት ተነሣሁ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ያለችው ልጅ "ደብዳቤ ይዘዋል?" አለችኝ። የምን ደብዳቤ? ከወረዳ። ናሙናውን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ተመለስኩ። ወረዳ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን ሁለት መስመር የማትሞላ ደብዳቤ ተጽፋ ማኅተም ተመታባት። አዲስ ናሙና ይዤ ሄድኩ። ተቀበሉኝ፣ ከፈልኩ። ከሳምንት በኋላ ስደውል "ተበክሏል፣ ብዙ ዓይነት ነገር ነው የበቀለበት፣ ድገሚው" አሉኝ። እንዴት እንደሚወሰድ የነገረኝ አልነበረማ!

ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት አዘነልኝ መሰለኝ፣ ኮሪደር ላይ ቆሞ አሳየኝ። ጡቱን ታጥቢያለሽ፣ ታደርቂያለሽ። ጫፉን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ትጠርጊያለሽ። የመጀመሪያውን እልበት ትደፊያለሽ። ንጹሑን ብልቃጥ ጋደም አድርገሽ ትቀበያለሽ፤ ክዳኑን መሬት አታስቀምጪም። በበረዶ ታመጪዋለሽ። በቃ፤ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ይህን በአንድ ወረቀት ጽፈው በሩ ላይ ቢለጥፉት ምን ነበረበት? ከመጀመሪያው ጉዞ እስከ ውጤቱ 24 ቀን ሄደ። በዚያ መሃል ሌላዋ ላሜ ዳለቻም ተያዘች።

ውጤቱ ስታፊሎኮከስ አውሬየስ (ባጭሩ ስታፍ) የሚባል ባክቴሪያ ነው። ፔኒሲሊን አይሠራም። ኦክሲ አይሠራም። ጄንታማይሲን የሚባለው መድኃኒት ጀርሙን ባበቀሉበት የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ይሠራል። ሐኪሙ ግን እውነቱን ነገረኝ፤ ጀርሙ ግቷ ውስጥ ጠባሳ ሠርቶ ተደብቋል፣ እዚያ ድረስ መድኃኒት መግባት ይከብደዋል።

ሳይንቲስቱ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ፔኒሲሊንን ያገኘው ስታፊሎኮከስ ሲያበቅል ነው። በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ ያልበቃ መጠን የሚወስድ ሰው ጀርሙን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። እኔ በረት ውስጥ ያደረግኩት ልክ እሱን ነው፤ ሦስት ቀን፣ ከዚያ ሁለት ቀን።

በዚያው ሰሞን የሚያልብልኝ ልጅ እጁ ላይ እባጭ ወጣበት። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ አሞክሲሲሊን ገዝቶ ዋጠ። ባሰበት። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ አፍርጠው ክሎክሳሲሊን የሚባል ሌላ መድኃኒት ሰጡት፣ ዳነ። አሞክሲሲሊን የፔኒሲሊን ዘመድ ነው፤ አንዱን የሚያከሽፍ ስታፍ ሌላውንም ያከሽፋል። ከላሟ ወደ እሱ ይሁን ከእሱ ወደ ላሟ አልተመረመረም። ግን በዚያ እጅ ነበር አምስቱም ላሞች የሚታለቡት። በ2019 እ.ኤ.አ. መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ቁጥሩን ድሮም ሰምቼዋለሁ፤ የልጁን እጅ እስካይ ድረስ የእኔ ጉዳይ አልመሰለኝም።

አሁን እንዲህ ነው የምሠራው። የታመመች ላም መጨረሻ ትታለባለች። ለእያንዳንዷ የራሷ ጨርቅ አላት። ከታለቡ በኋላ ጡታቸውን አዮዲን ውስጥ እነክራለሁ። የመጀመሪያውን እልበት ጥቁር ጨርቅ በተወጠረበት ኩባያ አያለሁ፤ ቋጠሮ ካለ ወዲያው ይታያል። መድኃኒት የተወጋችበትን ቀን በረቱ ግድግዳ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። ለዚህ ሁሉ የማወጣው ከአንድ ጠርሙስ ኦክሲ አይበልጥም።

በስልጠና ላይ "ሐኪም ሳያይ መድኃኒት አትስጡ" ይሉናል። ልክ ነው። ግን ሐኪሙ በሁለተኛው ቀን ቢመጣ ነው፤ እስከዚያ ምን እንደምናደርግ አይነግሩንም። እኔ የታመመውን ጡት በየሁለት ሰዓቱ አልቤ ባዶ አደርገዋለሁ እንጂ መርፌ አላነሣም። ላሟ ካተኮሳት ወይም መብላት ካቆመች ግን አልጠብቅም፤ ሐኪሙን ለምኜም ከፍዬም አመጣለሁ። "መድኃኒት ያለበትን ወተት ለጥጃ ስጪው" የሚሉኝም አሉ፣ ባለሙያም ጭምር። አልስማማም። ጥጃው ሆድ ውስጥ ያለውን ጀርም ማለማመድ ነው። ጉድጓድ ቆፍሬ እደፋዋለሁ። መድረቅ ያለባትን፣ ማለትም ከመውለዷ በፊት መታለብ የምታቆመውን ላም ደግሞ በተቻለኝ መጠን ሁዳዴ ላይ አደርቃታለሁ። በ55ቱ ቀን ወተት ፈላጊው ይቀንሳል፣ ኪሳራው አያምም፣ ግቷም ያርፋል።

እማማን ሄጄ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፣ "እግዜር ይይልሽ" አሉኝ። አሁን ወተት የሚገዙት ከሌላ ቤት ነው።

ዳለቻ ቶሎ ስለተያዘች ዳነች። ቡሬን ግን ለሥጋ ሸጥኳት። ነጋዴው ጥርሷን አየ፣ ሻኛዋን ዳበሰ፣ ዋጋ ተከራከረ። ለመጨረሻ ጊዜ መድኃኒት የወሰደችው መቼ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ሳይጠይቀኝ ነገርኩት፤ 40 ቀን ሆኗታል አልኩት። ምን እንዳወራሁ ሳይገባው ገመዷን ተቀብሎኝ ሄደ።