ቀዩን አሜሪካኖቹ ወሰዱት

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲነጋጋ ተነሳን። ጣርማ በር ላይ ጋቢዬን ተከናነብኩ፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሸሚዙም በዛብኝ። ከሚሴ መግቢያ ላይ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ «አምስት ደቂቃ ናት» አለ። አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን። ብርቱካን ገዝቼ ልልጥ ስል የሸጠልኝን ልጅ አየሁት። ከንፈሩ ደርቋል። ጾመኛ ነው። ፊቱ መብላት አሳፈረኝና ብርቱካኑን ኪሴ ከትቼ እስከ ደሴ ተሸክሜው ሄድኩ።

የካቲት 28 ቀን 2017 ነበር፣ አርብ። ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል። ከኮምቦልቻ ሽቅብ ስንጠማዘዝ ብርዱ በመስኮት ገባ፤ ጦሳ ተራራ ከላይ ቆሞ ያያል። ደሴ ደርሰሃል ማለት ነው።

የመጣሁት አክስቴን ልጠይቅ ነው። የእናቴ እህት ናት። እናቴ «ማርያምን» ብላ ትምላለች፣ አክስቴ «ወላሂ» ትላለች። ወሎ ላይ ይሄን የሚያብራራም የሚጠይቅም የለም። ማታ ለራሷ ሾርባ ሠራች፣ ለእኔ በሌላ ድስት ሽሮ። «ሁለት ጾም በአንድ ኩሽና! እንዴት አድርጌ ልቻላችሁ?» እያለች ሁለቱንም ታማስላለች። ብርቱካኑን አወጣሁላት። ልጣጩን ለሻይ አስቀመጠችው።

እሁድ ማታ ማንቼና አርሴ፣ ማንቸስተር ዩናይትድና አርሰናል፣ ይጫወታሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። የአክስቴ ልጅ ማንቼ ነው። እኔ አርሴ ነኝ፤ ይሄን ከአሁኑ ልናገር፣ ፍርዴን በዚያ ልክ መዝኑት። አክስቴ «እኔን ልትጠይቅ ነው የመጣኸው ወይስ ኳስ ልታይ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «ሂድ በቃ፣ አብሽር» አለች።

ዲኤስቲቪ ቤቱ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ቅያስ ላይ። የቆርቆሮ በሩ ላይ በጠመኔ «ዛሬ 1:30 ማንቼ ከ አርሴ» ተጽፏል። ብር የሚቀበለው ልጅ እጅህ ላይ በእስክሪብቶ መስመር ያሰምርልሃል፤ ትኬትህ እሷ ናት። ውስጡ የጣውላ አግዳሚ ነው። ከመግሪብ በኋላ ነውና ቤቱ ጢም ብሏል። አንዱ ቴምር ይዟል፣ ሌላው ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልሏል። ቴምሩ እኔም ጋ ደረሰ።

ፊት ረድፍ ጥጉ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሁሉም «ፈርጊ» ይላቸዋል። እንደ ድሮው የማንቼ አሰልጣኝ አሌክስ ፈርጉሰን ማስቲካ ስለማያጡ ነው። «ቀኑን ሙሉ ጾመው የሚያፈጥሩት በማስቲካ ነው» አለኝ የአክስቴ ልጅ። ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ላይ ናቸው። ፈርጊ ተቀምጠው ሌላ ሰው ዳኛ አይሳደብም። ቅድሚያው የእሳቸው ነው።

ጨዋታው ሳይጀመር ቴሌቪዥኑ ከማንቼ ስቴዲየም፣ ከኦልድ ትራፎርድ፣ ውጭ ያለውን ሰልፍ አሳየ። ሰልፈኛው ጥቁር ለብሷል።

«ማን ሞቶባቸው ነው?» አለ ከኋላዬ ያለ ትንሽ ልጅ።

«ክለባቸው» አሉ ፈርጊ ዞር ሳይሉ። «20 ዓመት ሙሉ ለቅሶ ተቀምጠዋል።»

ወሬው በዚህ ተጀመረ።

«ግንቦት 7 ምርጫ ነበር» አሉ። «የ97ቱ። አገሩ ሁሉ ሌላ ነገር አያወራም። እኔ ሬዲዮዬን ሲንጀሬ ላይ አስቀምጬ እሰፋለሁ። ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው ግሌዘር ክለቡን ወሰደው አለ ስፖርት አቅራቢው። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ደንበኛዬ 'ማን ያሸንፋል ይላሉ?' ሲለኝ 'አሜሪካዊው አሸነፈ' አልኩት። ሰውየው ፈርቶ ጨርቁን ይዞ ወጣ።»

ቤቱ ሳቀ። ቀኑን በሆዴ ቆጠርኩት። ልክ ናቸው። ግንቦት 4 ቀን 1997 ማልኮም ግሌዘር የማንቸስተር ዩናይትድን አብላጫ አክሲዮን ያዘ። የሸጡለት ሁለት የአየርላንድ ባለሀብቶች ናቸው፣ ማግኒየርና ማክማኑስ። ከሲሶ ትንሽ ያነሰ ድርሻ ነበራቸው። ማግኒየር ከዚያ በፊት ከእውነተኛው ፈርጊ ጋር በፈረስ ተጣልቶ ነበር። ሮክ ኦፍ ጂብራልታር የሚባል የእሽቅድምድም ፈረስ፤ ይሄ ይገባኛል፣ ያ አይገባህም ተባብለው። የደሴው ፈርጊ ይሄን ሲሰሙ የሚጨምሩት አላቸው። «ወሎ ላይ በፈረስ የተጣላ ሽማግሌ ተቀምጦ ይታረቃል። እነሱ ክለብ ሸጡበት።» እውነቱን ለመናገር የፈረሱ ጠብ በስምምነት ካለቀ በኋላ ነው ሽያጩ የመጣው። ግን አላረምኳቸውም። በሳቸው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ?

«ግን የሚያበሳጨው መሸጡ አይደለም» አሉ። «የገዛበት መንገድ ነው። አንተ የአዲስ አበባ ልጅ፣ በሬዬን ልትገዛ መጣህ እንበል። ብር የለህም። አበዳሪ ጋ ሄደህ የእኔኑ በሬ አስያዝክ። በዚያ ብር የእኔኑ በሬ ገዛህ። ዕዳውን ማን ይክፈል? በሬው! አርሶ አርሶ ይክፈል። አንተ ዛፍ ሥር ተጋድመህ ባለ በሬ ትባላለህ።»

ስለዚህ ግዢ ብዙ አንብቤያለሁ። እንደዚህ አድርጎ ያስረዳኝ አልነበረም። ዋጋው 790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር፤ ከግማሽ በላዩ ብድር። ዕዳ ያልነበረበት ክለብ በአንድ ክረምት ባለዕዳ ሆነ፣ ወለዱንም ከትኬትና ከማልያ ገቢው መክፈል ጀመረ። በዚያው ሰኔ የግሌዘር ልጆች ስቴዲየሙን ሊያዩ መጥተው የወጡት በፖሊስ መኪና ተጭነው ነው። ውጭ የጠበቃቸው ደጋፊ ሊያሳልፋቸው አልቻለም።

የኔ የግንቦት 97 ትዝታ ሌላ ነው። ምርጫው ባለፈ በስድስተኛው ቀን የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ነበር። ማንቼ 120 ደቂቃ ሙሉ ቀጠቀጠን፤ ዜሮ ለዜሮ አለቀ። በፍጹም ቅጣት ምት እኛ ወሰድነው። ሌማን የስኮልስን መለሰ፣ ቪየራ የመጨረሻዋን አገባ። ሰፈር ውስጥ ማንቼ የሆነውን ሁሉ «ተሸጣችሁ!» እያልኩ ዞርኩ። ከዚያ እኛ 9 ዓመት ዋንጫ ሳናይ ቀረን። የአፌን አገኘሁ።

ፈርጊ ትንፋሽ ሲወስዱ የቤቱ ባለቤት ተቀበላቸው። ለእሱ ትልቁ ቀን ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ነው።

ፋሲካ ነበር። ረመዳንም ነበር። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ 12 ትልልቅ የአውሮፓ ክለቦች የራሳችንን ሱፐር ሊግ እናቋቁማለን ብለው፣ ስድስቱ የእንግሊዝ ክለቦች በሁለት ቀን ውስጥ ተበትነው ወጥተዋል (የኔም ክለብ አለበት፤ ዝም ነው የምለው)። ማንቼ ከሊቨርፑል በእኛ 12:30 ላይ ነው። ዶሮውን የበላው ሆዱን እያሻሸ መጣ። ጾመኛው ቴምሩን በላስቲክ ይዞ አዛን እየጠበቀ መጣ። ቤቱ እንደ ዛሬው ሞላ።

ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ሜዳው ላይ ተጫዋች የለም። ደጋፊ ነው የሚሮጠው። አጥር ጥሶ ገብቷል። አረንጓዴና ቢጫ ጭስ፣ «ግሌዘሮች ይውጡ» የሚል ጨርቅ። አንዱ የማዕዘን ባንዲራውን ነቅሎ ይዟል።

«መጀመሪያ ያለፈ ጨዋታ መስሎኝ ቻናል ቀየርኩ» አለ ባለቤቱ። «መልሼ መጣሁ፤ ያው ነው። በመሃል አዛን አለ። ሁሉም ዝም። ቴምር በእጅ በእጅ ተላለፈ። ዶሮ የበላው ለጾመኛው ያቀብላል። ስክሪኑ ላይ እንግሊዞቹ ግብ መረብ ላይ ይንጠላጠላሉ። ከዚያ ጨዋታው ቀረ ተባለ። ብራችንን መልስ! አሉኝ። ግሌዘርን ጠይቁት አልኳቸው።»

«መለሰ?»

«ግማሽ መለሰ» አሉ ፈርጊ። «ግማሹን ለዕዳው ይዞት ነው።»

ጨዋታው በሌላ ቀን ይደገም ተባለ። ግንቦት 5 ላይ ዋለ። ኢድ አልፈጥር! ማታ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አዲስ ልብስ የለበሰው ሁሉ ተሰብስቦ ቁጭ አለ። ሊቨርፑል አራት ለሁለት አሸነፈ።

«ፋሲካውን ለእናንተ አበላሹ» አሉኝ ፈርጊ፣ «ኢዱን ለእኛ። ግሌዘሮች አያዳሉም።»

ግድግዳው ላይ፣ ከስክሪኑ በላይ፣ አንድ ስካርፍ ተሰቅሏል። አረንጓዴና ቢጫ። ተጠግቼ አየሁት። የተገዛ አይደለም፤ ሁለት ቀለም ፖፕሊን ተጋጥሞ በሲንጀር የተሰፋ ነው። ጫፉ ላይ ዘርፍ ለማድረግ ክሩ አንድ በአንድ ተመዟል። አንደኛው ጎን ስፌቱ ትንሽ ሄዷል።

መጋቢት 1 ቀን 2002 ቤካም ከኤሲ ሚላን ጋር ኦልድ ትራፎርድ መጥቶ ነበር። ማንቼ አራት ለዜሮ ሲያሸንፍ፣ ሲወጣ ከሜዳ አረንጓዴና ወርቃማ ስካርፍ አንስቶ አንገቱ ላይ አደረገ። ክለቡ በ1878 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኒውተን ሂዝ ተብሎ ሲቋቋም የለበሰው ቀለም ነው። ግሌዘርን የሚቃወመው ሁሉ ያንን ዓመት ቀዩን ትቶ እሱን ለበሰ። ፈርጊ በማግስቱ «ሰኞ ገበያ» የሚባለው ሰፈር ሄደው ጨርቅ ገዙ። ሰባት ሰፉ። አሁን ያለው ይሄ አንዱ ነው።

«አድርገነው ስንወጣ ሰው ያቆመናል» አሉ። «አረንጓዴ አለ፣ ቢጫ አለ። 'ቀዩን ምን አደረጋችሁት?' ይሉናል። ቀዩን አሜሪካኖቹ ወሰዱት እላቸዋለሁ።»

2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ይሄ ቤት ተዘረፈ። ቴሌቪዥኑ፣ ዲኮደሩ፣ ወንበሩ ሳይቀር ሄደ። ስካርፉን የነካው የለም። በዚያው ኅዳር ማንቼ ሶልሻየርን አባረረ። ደሴ ውስጥ መብራትም ኔትወርክም አልነበረም። የአክስቴ ልጅ የሰማው ከተማው ከተለቀቀ በኋላ ነው። «ሁለት ሳምንት ሙሉ አሰልጣኛችን ሶልሻየር ነበር» አለ። ስለዚያ ወር ሌላ የነገረኝ ነገር የለም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ጨዋታው? አንድ አቻ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ብሩኖ በቅጣት ምት አገባ። ዳኛው ግድግዳችንን ከሚገባው በላይ ወደኋላ ነድቶት ነበር፤ ይሄን እስክሞት እከራከራለሁ። በ74ኛው ደቂቃ ራይስ መለሰልን። ስነሳ የተነሳሁት እኔና ሁለት ልጆች ብቻ ነን። ከኋላ የሳምቡሳ ጋዜጣ ተወረወረብኝ።

ሲያልቅ ሰው ቶሎ አልወጣም። ሻይ መጣ። ወሬው ራትክሊፍ ላይ አረፈ። እሱ እንግሊዛዊ ነው፣ የማንቼ ደጋፊም ነው፤ በ2024 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከሩብ በላይ ድርሻ ገዝቶ ኳሱን ያስተዳድር ተባለ። ደስ ብሏቸው ነበር። ከዚያ 250 ያህል ሠራተኛ ቀነሰ። ከዚያ ለሠራተኛ በነጻ ይሰጥ የነበረውን ምሳ አስቀረ። ደሴን ያናደደው ይሄኛው ነው። ሠራተኛ መቀነስ ይገባቸዋል። ምሳ መከልከል አልገባቸውም። «ሰው ቤትህ ውሎ?» አለ ባለቤቱ። «ምሳ?»

እኔ ደግሞ ማንቸስተር ውስጥ በ1997 የተናደዱ ደጋፊዎች የራሳቸውን ክለብ እንዳቋቋሙ ነገርኳቸው፤ ኤፍሲ ዩናይትድ። አባል የሆነ ሁሉ አንድ ድምፅ አለው፣ ሀብታም ድሃ የለም። ቆይተው የራሳቸውን ሜዳም ሠሩ።

«እድር ነዋ» አሉ ፈርጊ። ትንሽ አሰቡ። «ዲኤስቲቪ ያሳየዋል?»

አያሳየውም።

«እንግዲያው ከግሌዘር ጋር ነን።» ማስቲካቸውን በወረቀት ጠቀለሉና ወደኔ ዞሩ። «የእናንተስ? ክሮንኬ ምንድነው፣ የቦረና ሰው ነው?»

አሜሪካዊ ነው። በ2018 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ክለቡን ጠቅልሎ ሲወስድ፣ አንድ አክሲዮን ብቻ ይዘው ለልጅ ሊያወርሱ ያስቀመጡ ደጋፊዎች ሳይቀሩ በግድ ሸጡለት። ለአንዷ ከ29 ሺህ ፓውንድ በላይ ከፈላቸው። ብሩን ሳይሆን ወረቀቷን ነበር የሚፈልጉት። ይሄን ስናገር ድምፄ እንደ ፈርጊ መሆኑን ራሴ ሰማሁት። ሽማግሌው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና ሻይዬን ከፈሉልኝ።

ወደ አክስቴ ቤት በባጃጅ ተመለስን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሾፌሩ 20 ዓመት ቢሆነው ነው። መስታወቱ ላይ የማንቸስተር ሲቲ አርማ ለጥፏል።

«ከአቡዳቢዎቹ በፊት ክለባችሁ የማን እንደነበር ታውቃለህ?» አልኩት። ታክሲን ሺናዋትራ ልለው ነው፤ የታይላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው፣ በ2008 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሸጠላቸው።

ፍጥነቱን ቀነሰ። በመስታወት አየኝ።

«ከእነሱ በፊት ሲቲ ነበር እንዴ?»