ጠዋት የሚነፋ፣ ማታ የሚደርቅ ዶናት

ዛሬ ጠዋት 12 ዶናት ጋገርኩ፤ 12ቱም እኩል ተነፍተው ወጡልኝ። ጎናቸው አልተሰነጠቀም። በጣት ስትጫኗቸው ጎድጎድ ብለው ይመለሳሉ። ከሁለት ወር በላይ የለፋሁበት ነገር ስለሆነ ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም። ኤር ፍራየር (በጋለ አየር የሚያበስል የኤሌክትሪክ ዕቃ) ኖሯችሁ ዶናት እምቢ ያላችሁ ካላችሁ፣ በተለይ እንደ እኔ ጅማ የምትኖሩ፣ እስቲ ይህን አንብቡልኝ።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ኤር ፍራየሯን ያመጣችልኝ እህቴ ናት። 1,500 ዋት ነች። መሳቢያዋ ትንሽ ነው፣ ቢበዛ ስድስት ዶናት ይይዛል። መጀመሪያ ሰሞን ድንችና ዶሮ ብቻ ነበር የምሠራባት። ከዚያ ልጆቼ ዶናት ዶናት ማለት ጀመሩ። እንደ ፓንኬክ የቀጠነ ሊጥ ባፈስበት ጊዜ በቀዳዳው ሁሉ ወደ ታች ወረደ፤ ሳጥብ አመሸሁ። የጋለ ዘይት ሊጡን ወዲያው ይይዘዋል፣ አየር ግን አይይዝም። ስለዚህ የሚፈስ ሊጥ ለዚህ ዕቃ አይሆንም። በእርሾም ሠራሁ። እሱ ደግሞ ኩፍ እስኪል መጠበቁ ለትምህርት ቀን አይመችም። በመጨረሻ እርጎ ላይ አረፍኩ።

ልኬቴ ይኸው፦ 250 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 እንቁላል፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ለጋ ቅቤ እና 150 ግራም የተጠለለ እርጎ። እርጎውን ማታ በንጹሕ ሻሽ ቋጥሬ ቧንቧው ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ጠዋት ሻሹ ውስጥ የሚቀረው እንደ አይብ የወፈረ ነው። አጓቱን አልደፋውም፤ ሊጡ ከደረቀ በማንኪያ እጨምርበታለሁ። ሊጡን ከሁለት ደቂቃ በላይ አላሸውም፤ ይህ ዳቦ አይደለም፣ ከበዛበት ይጠነክራል። አንድ ሣንቲ ተኩል ያህል አወፍሬ እዳምጠዋለሁ። በብርጭቆ አፍ ክቡን፣ በለስላሳ ቆርኪ መሐሉን እቆርጣለሁ። ለዚህ ብላችሁ መቁረጫ መግዛት አያስፈልግም፤ ቆርኪው ጠርዙ ጥርስ ስላለው እንዲያውም ንጹሕ አድርጎ ይቆርጣል። ዱቄት ውስጥ ነከር እያደረጋችሁ ቁረጡ ብቻ።

ስለ ቤኪንግ ፓውደሩ አንድ ነገር። አንዳንዱ አሠራር 3 የሻይ ማንኪያ ይላል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ሊጡ ውስጥ ያለው አየር ቶሎ ይለጠጣል። 3 ሳደርግ ቶሎ ይነፋና መሐሉ ይወድቅ ነበር፣ አፍ ላይም መረር ይላል። 2 ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ።

የእኔ ዶናት አንዳንድ ቀን ልብ የሚያሞቅ ነው፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከላይ ነጭና ደረቅ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ሲበሉት የትናንት ዳቦ የሚመስል። ልኬቱ ያው። እጄ ያው። ደቂቃው ያው። መጀመሪያ ዱቄቱን ጠረጠርኩ። ሌላ ገዛሁ። ከዚያ ቤኪንግ ፓውደሩ ቆይቷል ብዬ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጌ ሞከርኩት፤ አረፋው ደህና ነበር። ቀጥሎ እንቁላሉን ከፍሪጅ ቀድሜ ማውጣት ጀመርኩ። ምንም። በዚሁ መሐል አንዲት ጓደኛዬ እሷም ዶናቷ እየደረቀ ተቸግራ ስትጠይቀኝ፣ «ዱቄትሽን ቀይሪ» አልኳት። ሳላውቅ መከርኳት። በቤቷ ያለውን ዱቄት ለሰው ሰጥታ ሌላ ገዛች፤ የእሷም አልተለወጠም። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

መንደራችን ቦምቦሊኖ እየጠበሱ የሚሸጡ እናት አሉ። ጠዋት ጠዋት ተማሪና ባጃጅ ነጂ ይከባቸዋል። አንድ ቀን ሁለት የደረቁ ዶናቶች ይዤ ሄድኩና አሳየኋቸው። በጥፍራቸው ቅርፊቱን ጫር ጫር አደረጉና «የኔ ልጅ፣ ሊጡስ መጥፎ አይደለም። እሳቱ ነው የደከመብሽ» አሉኝ። እኔ ደግሞ፣ «እማማ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ እኮ ነው፣ 180 ብዬ ነው የምሞላው» አልኳቸው። «እኔ የማውቀው እሳት ሲደክም እንዲህ እንደሚያደርግ ነው» ብለው ዘይታቸውን ማማሰል ቀጠሉ።

ያን ቀን ሙሉ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ማታ ወጥ ቤት ቆሜ ዓይኔ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ፍሪጁን የሚጠብቀው ስታቢላይዘር ላይ አረፈ። የሚገባውን ቮልቴጅ፣ ማለትም የመብራቱን ግፊት፣ በቀይ ቁጥር ያሳያል፤ መደበኛው 220 ነው። 175 ይላል። በማግስቱ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል አየሁት፤ 218። ለካ የኔ መጥፎ ዶናቶች ሁሉ የማታ ናቸው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ይጥዳል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከኤር ፍራየር እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል። የሁላችንም መስመር አንድ ስለሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል። የሚገርመው ደግሞ ሙቀቱ የሚቀንሰው በእኩል አለመሆኑ ነው። ሬዚስታንሱ (የሚግለው ሽቦ) የሚሰጠው ሙቀት ከቮልቴጁ ይልቅ በፍጥነት ይወርዳል። 220 ወደ 175 ሲወርድ ቮልቴጁ የቀነሰው አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ሙቀቱ ግን ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። የእኔ 1,500 ዋት ዕቃ ማታ ማታ ከ1,000 ዋት በታች ነበር ማለት ነው። ቁልፉ 180 ላይ ነው፣ ውስጡ ግን ቶሎ 180 አይደርስም። ማራገቢያው ደግሞ መንፋቱን አይተውም። ስለዚህ ሊጡ ከመነፋቱ በፊት ቆዳው ይደርቃል። ዘግይቶ ውስጡ ሲነፋ የደረቀውን ቆዳ ይሰነጥቀዋል። እማማ ትክክል ነበሩ።

እርግጠኛ ለመሆን በአንድ ልኬት ሁለት ጊዜ አቦካሁ፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ አንድ ዙር፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ዙር። ሁለቱንም 6 ደቂቃ። የማታውን ስቆርጠው ፍርፍር አለ። የጠዋቱን ስቆርጠው ውስጡ ክር ክር እያለ ተሳበ፣ እንፋሎቱም ወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰሐን ላይ አድርጌ ልጆቼን ጠራኋቸው። ትንሿ ልጄ ሳታመነታ የጠዋቱን አነሳች።

ስታቢላይዘር የሌላችሁ በዳቦ ልትለዩት ትችላላችሁ። አንድ ቁራጭ ነጭ ዳቦ በ180 ለ3 ደቂቃ ክተቱ። ወርቃማ ከሆነ ጋግሩ። ነጭ እንደሆነ ከወጣ ሊጣችሁን ፍሪጅ ውስጥ ሸፍናችሁ ቆዩ። ይህችን ሙከራ ከማንኛውም ዕቃ በላይ እወዳታለሁ፤ ከዶናት በፊት ሁልጊዜ አደርጋታለሁ።

ኤር ፍራየሩን በፍሪጁ ስታቢላይዘር ልሰካው ብዬ አስቤ ነበር። ወንድሜ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ እጄን ያዘኝ። የፍሪጅ ስታቢላይዘር ይህን ያህል ኃይል አይችልም፣ ይቃጠላል። ዲቫይደር ላይም አትሰኩት። የእኔ ዲቫይደር ሶኬቱ ሞቆ ፕላስቲኩ መሽተት ጀምሮ ነበር። ቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ብቻ።

ማታ የግድ ከሆነብኝ እንዲህ አደርጋለሁ፦ ባዶውን ለ8 ደቂቃ አሞቀዋለሁ፣ በአንድ ዙር ከሦስት በላይ አልከትም፣ ሊጡንም ከመግባቱ በፊት ቅቤ እቀባዋለሁ። ቅቤው ማራገቢያው ቆዳውን እንዳያደርቀው ይከላከላል። ጠዋትም እቀባለሁ፣ ማታ ግን ሳይቀቡ መክተት ልፋት ነው። ለጋ ቅቤ ይሁን። አንድ ጊዜ ንጥር ቅቤ ቀብቼ ኮሰረት ኮሰረት የሚል ዶናት ወጣ፤ ለክትፎ የሚሆን ሽታ ነው። ከሥር የኬክ ወረቀት የምታነጥፉ ደግሞ ሊጡ ሳይቀመጥበት ወረቀቱን ለብቻው አታሙቁት። ማራገቢያው ያነሳውና ሬዚስታንሱ ላይ ይለጥፈዋል። እኔ ላይ ደርሷል፤ ጥግ ጥጉ ጠቁሮ ነው ያወጣሁት።

ጠዋት በ180 ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ይበቃል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ እገለብጣለሁ። 7 ደቂቃ ይደርቃል፤ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቢመስላችሁም አውጡት።

ስለ ጣዕሙ ደግሞ የምለው አለኝ። «ከዘይት ጋር ምንም ልዩነት የለውም» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ልዩነት አለው። ዘይት ሊጡን ከሁሉም አቅጣጫ ይዞ ከአየር በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ያሞቀዋል። ለዚህ ነው ቦምቦሊኖ ላዩ ጥርት ብሎ ውስጡ የሚለሰልሰው፣ ወገቡም ላይ ያቺ ነጭ ቀለበት የምትቀረው፤ እየተንሳፈፈ ስለሚጠበስ። የኤር ፍራየር ዶናት ቀለበት የለውም። ወደ ለስላሳ ኬክ ይጠጋል። እንደ ራሱ ከበላችሁት ግን በጣም ጥሩ ነው፣ ሆድም አይከብድም። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ቦምቦሊኖ ሲያምረኝ እማማ ጋ ሄጄ እገዛለሁ። ቤቴ ላስመስለው አልሞክርም።

ስኳሩ አይይዝልኝም ለምትሉ፣ ልክ ናችሁ፤ ላዩ ላይ ዘይት ስለሌለ ይራገፋል። ገና ትኩስ እያለ እንደገና ቅቤ ቀብታችሁ ወዲያው ስኳሩ ላይ ማንከባለል ነው። ሁለት ደቂቃ ካለፈ አይሆንም። ስኳሩ ውስጥ ሁሉም ቀረፋ ይጨምራል። እኔ ኮረሪማ ነው የምጨምረው። ኮረሪማው በደጃችን የሚበቅል ሆኖ ሳለ ወጥና ቅቤ ውስጥ ብቻ መቅረቱ ያሳዝነኛል። ፍሬውን ፈልፍላችሁ፣ ዘሩን ወዲያው በሙቀጫ ውቀጡት፤ ለ4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ግማሽ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው። ቤቱን የሚሞላው ሽታ ከቀረፋ የበለጠ ነው። ለእንግዳ ሲሆን ደግሞ ከጀበናው አቦሉን 2 የሾርባ ማንኪያ ወስጄ በ200 ግራም የላመ ስኳር አሸዋለሁ። ዶናቱን ፊቱን ብቻ ነክሬ አስቀምጠዋለሁ፤ በ10 ደቂቃ ይደርቃል። ቡናው የጅማ ነው፣ ሌላ ምን ልበል።

በጾም ያለ እንቁላልና እርጎ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ በተፈጨ የበሰለ ሙዝ። ይነፋል፣ ግን ሙዝ ሙዝ ይላል፤ ልጆቼ ወደውታል፣ እኔ አልወደድኩትም።

የእርሾው ነው እስካሁን ያልተፈታልኝ። ኩፍ ያለው ሊጥ ከጠረጴዛው ወደ መሳቢያው ስወስደው በእጄ ይሟሽሻል፣ የጣቴ ምልክት ይቀራል። እያንዳንዱን ትንሽ ወረቀት ላይ አድርጌ ኩፍ ካስባልኩ በኋላ ከነወረቀቱ ለመክተት አስቤያለሁ። የፊታችን እሑድ ጠዋት፣ የስታቢላይዘሩ ቁጥር ከ210 በላይ መሆኑን አይቼ እሞክረዋለሁ።